በልጄ ቀልድ የተሸከምኩት ድንጋይ

ሰው "ልጅሽ ሥራው ምንድን ነው?" ሲለኝ የትኛውን እንደምመልስ ግራ ይገባኛል። የአስተማሪ እናት "አስተማሪ ነው" ትላለች፣ የነጋዴ እናት "ነጋዴ ነው" ትላለች፣ ያልቃል። እኔ መጀመሪያ የጠየቀኝን ሰው አያለሁ። ቄስ ከሆኑ "ይጽፋል" እላለሁ፤ መጻፍ የከበረ ነገር ነው። የወረዳ ሠራተኛ ከሆነ "ትያትር ይሠራል" እላለሁ። የገበያ ሴቶች ሲሆኑ መልስም አይፈልጉ፤ እኔ አፌን ሳልከፍት እነሱ ስቀው ጨርሰዋል።

ደባርቅ ገበያ ብቅልና ጌሾ እሸጣለሁ። ባሌ የፓርኩ ጠባቂ ነው፤ ከወሩ የሚበዛውን እላይ ተራራው ላይ ከዋልያና ከጭላዳ ጋር ያሳልፋል። ሁለት ሴቶች ልጆች ድሬያለሁ፤ እነሱ ሐሳብ አልሆኑብኝም። ሐሳብ የሆነብኝ ወንዱ ነው።

በልጅነቱ ዲቁና ይማር ብዬ ለመሪጌታ ሰጠሁት። ዜማው ቶሎ ይገባው ነበር አሉ። ነገር ግን መሪጌታው ዜማ ሊጀምሩ ሲሉ የሚስሉትን ሳል፣ ቀጥሎ አፍንጫቸውን በነጠላ ጫፍ የሚጠርጉትን፣ ከዚያ "እህ!" የሚሉትን ሁሉ አብሮ ተምሮት ኖሯል። አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት በዚያው ሳል ተማሪውን ሁሉ ከተቀመጠበት አስነሣው። ለካ መሪጌታው ከበሩ ቆመው ሰምተዋል። አስጠሩኝና "ልጅሽን ውሰጂ። ድምፁስ ደግ ነበር፤ ችግሩ የእኔ ድምፅ መሆኑ ነው" አሉኝ።

ከዚያ መናኸሪያ ገባ። "ጎንደር፣ ጎንደር፣ አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ባዶ መኪና ውስጥ ገብቶ የአሮጊትም፣ የወታደርም፣ የሚያለቅስ ሕፃንም ድምፅ ያወጣና መኪናው የሞላ ያስመስላል። ሰው ተሻምቶ ሲገባ የሚያገኘው እሱን ብቻ ነው። ከዚያ ደግሞ ለቱሪስት በቅሎ ከሚጭኑት ጋር ሆነ። ተራራው ላይ እስካለው አምቢኮ ሰፈር ድረስ ፈረንጅ ይዞ ይሄድና፣ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚተነፍሱ ለራሳቸው መልሶ እያሳየ ያስቃቸዋል። ከዚያ የወረዳው የኪነት ቡድን መጣ። መጻፍ የጀመረው እዚያ ነው። ስለ ሽንት ቤት ጻፈ፣ ስለ እርከን ጻፈ፣ ስለ ክትባት ጻፈ። ስብሰባ ሲጠራ ገበሬው "ያ ልጅ አለበት?" ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ከሌለበት ከብቱ ይታመምበታል።

የሠርግ መድረክ መሪም ሆነ። ጎንደር ወርዶ ለሬዲዮ ድራማ ጻፈ። የሚያወሩት ሌሎች ናቸው፣ እኔ ግን ቃሉን እለየዋለሁ፤ በድራማው ውስጥ ያለችው ተሳዳቢ አሮጊት የምትሳደበው በእኔ ስድብ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ሄዶ ፊልም ላይ ወጣ ተባለ። ጎረቤቱ ሁሉ ቤቴ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጠጠ። ልጄ በር ከፍቶ "ጌታዬ፣ ሰው መጥቷል" አለና ወጣ። በቃ። ፊልሙ እስኪያልቅ ጠበቅነው፣ አልተመለሰም። አንዷ ጎረቤቴ እያጽናናችኝ "በሩን ግን ደህና አድርጎ ነው የከፈተው" አለችኝ።

እንዲህ ሳወራው የደላኝ እመስላለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ግን ልቤ አንድ ቀን አርፎ አያውቅም። ልጄ ሰው ሲያስቅ እኔ የሚስቁትን አላይም። ከመሀላቸው የማይስቀውን ነው የምፈልገው።

ምክንያት አለኝ። ታላቅ ወንድሜ የሞተው በቀልድ ነው።

ያደግነው ከዳባት ወጣ ብሎ ነው። እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲያም አልተማርኩ። ወንድሜ የሰው አረማመድ ይችልበት ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው ተነሣና የአገሩን ትልቅ ሰው፣ አንድ የተፈሩ ሽማግሌ፣ አስመስሎ ዳሱን ዞረ። ሽማግሌው ሲሄዱ ግራ ትከሻቸው ይቀድማል፣ በጠባብ በር እንደሚገባ ሰው። የጋቢያቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ብድግ ያደርጋሉ። የሚቀመጡበትን በጋቢው ሳይጠርጉ አይቀመጡም። ወንድሜ ይኼን ሁሉ አደረገው። ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ሽማግሌው እዚያው ተቀምጠዋል። አልተቆጡም፣ አልተሳደቡም። ዝም ብለው ተነሥተው ሄዱ። በሳምንቱ ወንድሜ ገብስ ሲያጭድ የሽማግሌው ታላቅ ልጅ ተኮሰበት።

ገዳዩ ታሰረ፣ እስር ቤትም ሞተ። ደሙ ወደ ልጅ ልጅ እንዳይሄድ ቄስና ሽማግሌ ገብቶ አስታረቀን። የታረቅንበት ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ፦ "ከእንግዲህ ከሁለቱም ወገን ይኼን ነገር በአፉ የሚያነሣ፣ በእጁም የሚያሳይ አይኑር።" በግዝት ታሰረ። እናቴ እስክትሞት ሰው ፊት ስትስቅ አላየኋትም፤ ሳቅ ከመጣባት ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግ ነበር። እኔም አግብቼ ደባርቅ መጣሁ። ለልጆቼ "አጎታችሁ በጠብ ሞተ" ከማለት በቀር ትንፍሽ አላልኩም።

ልጄ ከአዲስ አበባ የተመለሰው መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ መዘጋት በጀመረበት ጊዜ ነው። ሠርግ ቀነሰ፣ ስብሰባ ቀረ፣ ፈረንጅም ጠፋ። እሱ ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም። እኔ ገበያ ስውል ስልኩን የብቅል ጆንያዬ ላይ ያቆማል፣ የአባቱን ጋቢ ይለብሳል፣ ከበግ ጠጉር ጢም ይሠራል፣ ራሱን ይቀርፃል። የሚሆነው አንድ ሽማግሌ ነው። ሳይጠራ የሚመጣ ሽማግሌ። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ያርማል፣ ለቅሶ ላይ ሬሳውን ያርማል። ጎረቤት ቢጣላ ይቆጣል፣ ቢታረቅ ደግሞ ይብስበታል። "እኔ እያለሁ!" ይላል። "እኔ እያለሁ ታረቃችሁ?"

ከተማው አበደ። ባጃጅ ነጂው ሌላ ባጃጅ ሲቀድመው "እኔ እያለሁ!" ይላል። ጤና ጣቢያ ተራ ያለፈባት ሴት "እኔ እያለሁ!" ትላለች። ቃሉን ሰምቼዋለሁ፣ እኔም ብዬው ይሆናል። ቪዲዮውን ግን አላየሁትም ነበር፤ የእኔ ስልክ መደወያ ብቻ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከጎኔ ጨርቅ የምትሸጠው እስላም ጎረቤቴ ጠራችኝ።

"ነይ እስቲ እህቴ፣ ልጅሽ ፈጀን። ወላሂ ደንበኛ ጥዬ ነው የማየው።"

አየሁ። ልጄ በጋቢው ከጓዳ ወጣ። ግራ ትከሻው ቀደመ። በሁለት ጣት ጋቢውን ብድግ አደረገ። መደቡን ጠረገና ተቀመጠ። በእጄ የነበረው የጌሾ መስፈሪያ ወደቀ።

"ምነው? አላሳቀሽም?" አለችኝ።

"አሳቀኝ" አልኳት።

ሽማግሌው ከሞቱ ቆይተዋል። ታናሽ ልጃቸው ግን አሉ፣ ከዳባት መውጫ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ሰው ሁሉ ባለወፍጮው ነው የሚላቸው። አንዳንዴ ደባርቅ ገበያ ይመጣሉ። ከሩቅ ሲመጡ አባታቸው ከመቃብር የተነሡ ይመስለኛል። ትከሻውም ያው፣ ጣቱም ያው። በቤታቸው ደግሞ የዚያ የገዳዩ ልጅ አለ፤ አባቱ ሲታሰር ሕፃን ነበር፣ ዛሬ መሣሪያ የሚይዝ ጎልማሳ ነው።

የዚያን ቀን እራት ላይ ልጄን ያዝኩት።

"ይኼን ሰውዬ ከየት አመጣኸው?"

"ከየትም፤ ከሁሉም። ምነው?"

"ተወው።"

"ምኑን ልተወው?"

"አረማመዱን።"

"ኧረ እማ! ቃሉንማ ማንም ይለዋል፤ የሚያስቀው አረማመዱ ነው። እሱን ከተውኩ የሚቀረኝ ጋቢ ነው፣ ጋቢውም የአባዬ ነው።"

እንዳልነግረው ግዝቱ አለ። "በአፉ የሚያነሣ" ተብሏል። ተው ከማለት በቀር ምን እላለሁ? ምክንያት የሌለው "ተው" ደግሞ ለሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ምኑ ነው። ሳቀና እጄን ሳመኝ።

ደግነቱም ክፋቱም፣ ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በዳባት ነው የሚያልፈው። ለሥራ በወረደ ቁጥር "ኮሶዬ ስትደርስ ደውልልኝ" እለዋለሁ። ኮሶዬ ከደረሰ ዳባትን አልፏል ማለት ነው። እሱ ግን አያውቅም። "ለምን ኮሶዬ?" ሲለኝ "ብርድ ነው፣ መልበስህን ልወቅ" እለዋለሁ። ይደውላል። "እማ፣ ለብሻለሁ" ይላል። ያኔ ብቅሌን መስፈር እጀምራለሁ።

አንድ ቀን ሳይደውል ቀረ። ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ ጠፋ፣ መንገዱም ከዳባት ወዲያ ተዘጋ ተባለ። በማግስቱም የለም። ሦስት ቀን፣ አምስት ቀን። ባሌ ከተራራ ወረደና "ኔትወርክ ነው የጠፋው፣ ልጅሽ አይደለም። ከተማው ሁሉ ነው ያልተደወለለት" አለኝ። ልክ ነው። ግን ከተማው ሁሉ የተገደለ ወንድም የለውማ። በዘጠነኛው ቀን ተነሥቼ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

"አባ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ። ዳባት ሄደን ባለወፍጮውን ይቅርታ እንለምን።"

"ምን በድለሽ?"

"ልጄ በእሳቸው ቀልዷል።"

"ከሰሱ?"

"የለም።"

"ዛቱ? ሰው ላኩ?"

"የለም አባ፣ ዝም ነው ያሉት።"

"ልጄ፣ ዝም ያለ ሁሉ ቂም የያዘ አይደለም። ያልሰማም ዝም ይላል።"

"ያን ጊዜም አባትዮው ዝም ነበር ያሉት።"

የድሮውን ነገር ያውቁታልና ይኼን ስል መስቀላቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። "እሺ እሄዳለሁ። ግን በቃል ይበቃል። ድንጋይ አትያዢ፤ ድንጋይ ነገር ያከብዳል" አሉ።

አልሰማኋቸውም። ይቅርታ እንደዚህ ነው ብዬ ነው ያደግኩት፤ አንገት ላይ ድንጋይ አድርጎ ደጅ መቆም፣ "ይቅር" እስኪባሉ አለማውረድ። ዳባት ስንደርስ ከወፍጮ ቤቱ በታች ካለው ጅረት ራሴ መረጥኩት። ትንሽ ብይዝ ያፌዝኩ እንዳይመስል ፈራሁና ትልቁን አነሣሁ። ቄሱና ሁለት ሽማግሎች ቀደሙ፣ እኔ ድንጋዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ ብዬ ተከተልኩ።

የወፍጮ ቀን ነበር። ግቢው ጆንያ ይዞ ተራ በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ወፍጮው ይጮሃል። ባለወፍጮው እኔን ሲያዩ ደንግጠው እጃቸውን አነሡ፣ ወፍጮው ቆመ። የጎዳኝ እሱ ነው። ወፍጮው ባይቆም ኖሮ የምለውን ማንም አይሰማውም ነበር።

"እህቴ፣ ኧረ በማርያም አውርጂው! የማን ነፍስ ጠፋ?" አሉ ባለወፍጮው።

"ይቅር ሳይሉኝ አላወርድም።"

"ምኑን ነው ይቅር የምልሽ?"

"ልጄ የሠራውን።"

"ልጅሽ ማነው?"

ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ "'እኔ እያለሁ' የሚለው ነው!" አለ።

ፊታቸው በራ። "እሱ የአንቺ ነው? እኔም እኮ እስቃለሁ! ልጆቹ አሳይተውኝ እንባዬ ነው የመጣው። ታዲያ እሱ ምን አደረገኝ?"

እዚህ ላይ ወደ ቤቴ መመለስ ነበረብኝ። እግዜር በር ከፍቶልኝ ነበር። ቄሱም ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። እኔ ግን ድንጋዩ አንገቴን እየቆረጠው፣ ዘጠኝ ቀን ያልተኛሁ ሴት፣ "አንቱን ነው የሚያስመስለው" አልኩ።

ባለወፍጮው ጣታቸውን ወደ ደረታቸው አዞሩ።

"እኔን?"

ስልክ አምጡ አሉ። አንድ ጎረምሳ ከስልኩ ላይ ያስቀመጠውን ከፈተላቸው። ዝቅ አድርገው አዩት። ከዚህ በፊት የሳቁበትን አሁን ሳይስቁ እስከ መጨረሻው አዩት። "ይኼ እኔ አይደለሁም" አሉ በቀስታ። "ይኼ አባቴ ነው።"

ከዚያ ሊቀመጡ ዞሩ። ከመቀመጣቸው በፊት የሚቀመጡበትን ግንድ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ከጆንያዎቹ መሀል አንዲት ሴት መያዝ አቅቷት ፈነዳች። ዱቄት የነካውን አፏን ብትይዘውም አልሆነም። ሌላው ተከተለ፣ ግቢው ሁሉ ተከተለ። እኔ ጎንብሼ ሳለሁ ዓይኔ ልማዱን አልተወም፣ የማይስቀውን ፈለገ። የወፍጮውን በር ተደግፎ ቆሟል። የገዳዩ ልጅ። እኔን አይመለከትም፣ የሚስቁትን አንድ በአንድ ይመለከታል።

ባለወፍጮው ቀና አሉ። "ይቅር ለእግዜር" አሉ። "ግን ከዛሬ ጀምሮ ያ ሽማግሌ አይታይ። አባ ይገዝቱልኝ።"

"ልጁ በሌለበት በማን ላይ እገዝታለሁ?" አሉ ቄሱ።

"በእኔ ላይ ይገዝቱ" አልኩ። "እሱ ቢያደርገው በእኔ ይድረስ።"

ገዘቱ። ባለወፍጮው መጥተው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱልኝ። አንገቴ ቀለለ። ሌላው ሁሉ ግን የዚያን ሰዓት ነው የከበደው።

ለመጪው ገበያ ነገሩ ከእኔ ቀድሞ ደባርቅ ገብቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ የልጄ ሽማግሌ የማንም አልነበረም። ሁሉም የየራሱን አጎት ያይበት ነበር። አሁን ባለቤት ተገኘለት። ዳባት ላይ ባለወፍጮው ባለፉ ቁጥር ሕፃናት ከኋላቸው "እኔ እያለሁ!" ይላሉ አሉ። ወደ ገበያ መምጣት ተዉ። ባለ ጨርቋ ጎረቤቴ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የባለወፍጮው የወንድም ልጅ "ያ ቀልደኛ በየትኛው መኪና ነው የሚሄደው?" እያለ እንደሚጠይቅ ነገረችኝ። ከዚያ በፊት የሚጠይቅ አልነበረም። ጠያቂውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ሄጄ።

ልጄ መንገድ ሲከፈት ደህና መጣ። ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጦ ኔትወርክ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ገና ከበር ሳይገባ ይስቃል።

"እማ፣ ተፈለግኩልሽ! አዲስ አበባ ትልቅ መድረክ ነው። ከዚያ ተከታታይ ድራማ። እኔው እጽፋለሁ፣ እኔው እጫወታለሁ። ሽማግሌውን ነው የፈለጉት!"

ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ የአጎቱንም፤ ግዝቱን በአፌ አፈረስኩት። የብቅሉ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ ስልኩን የሚያቆምበት ላይ። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ልጄን ዝም ብሎ አይቼው ስለማላውቅ ያ ከሁሉ ይብስ አስፈራኝ።

"ባለወፍጮው ማነው?" አለ በመጨረሻ። "እኔ ሰውየውን አይቼው አላውቅም።"

"አታውቀውም? ታዲያ አረማመዱን ከየት አመጣኸው?"

የምቀልድ መስሎት አየኝ።

"ከአንቺ ነዋ።"

"ከእኔ?"

"በረዶው የጣለ ጊዜ። ገብሳችን የተመታ ዓመት። ቆርቆሮው ሲንጋጋ እኅቶቼ ፈርተው ሲያለቅሱ፣ የአባዬን ጋቢ ደርበሽ 'ሰውዬው መጣ!' ብለሽ ከጓዳ ወጣሽ። ትከሻሽን እንዲህ አድርገሽ። መደቡን ጠረግሽ። እማ፣ እኔ እኮ ሰው ከለቅሶ ወደ ሳቅ መሄድ እንደሚችል ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሥራዬ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።"

አስታወስኩት። ረሳሁት ብል እዋሻለሁ። ቀብሬው ነበር እንጂ አልረሳሁትም። "በእጁም የሚያሳይ አይኑር" የተባለውን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላው።

"እና ግዝቱ በአንቺ ላይ ነው?" አለኝ።

"በእኔ ላይ ነው።"

"በእኔ ላይ ቢሆን ኖሮ እደፍረው ነበር" አለ። ጋቢውን አጥፎ ለአባቱ ሰቀለው። የበግ ጠጉሩን ጢም እሳት ውስጥ ጣለው፤ ቤቱ ቀኑን ሙሉ ሸተተ።

ቢሆንም አዲስ አበባ መሄድ አለበት። ሽማግሌውን እንዳጣ ፊት ለፊት ሊነግራቸው፣ ጸሐፊ ብቻም ቢሆን ይቀጥሩት እንደሆነ ሊጠይቅ። ብቻህን አትሄድም አልኩት። ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ በመስኮቱ በኩል እኔ፣ በውስጥ በኩል እሱ። ሠላሳ ዓመት የሞላውን ሰው እናቱ ዳባትን ልታሻግረው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንት ይቀልድበት ነበር።

ዳባት ላይ መኪናው ለሰው ቆመ። ገና ስንቆም አየሁት፤ የገዳዩ ልጅ ከሱቅ በረንዳ ተነሣ። መሣሪያው በትከሻው ነው። ወደ በሩ መጣና አንገቱን አስገብቶ የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። እኛ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አንተ፣ ውረድ" አለ።

የልጄን ክንድ ያዝኩ። ያኔ ከኋላው "ዞር በል" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባለወፍጮው ናቸው፣ ዱቄት እንደለበሱ፣ እየሮጡ መጥተው ነው መሰለኝ ትንፋሻቸው ያጥራል። የወንድማቸውን ልጅ በትከሻቸው ገፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ልጄን ብዙ አዩት።

"አባቴን ታውቃቸዋለህ?" አሉት።

"አላውቃቸውም ጌታዬ። ሳልወለድ ነው የሞቱት።"

"ታዲያ ከየት አገኘኸው?"

ልጄ ዝም አለ። አፉ የማይያዝ ልጅ፣ መሪጌታውን እንኳ ያልማረ፣ ዝም አለ። ሊያጋልጠኝ አልፈለገም። ያ ጎልማሳ ከኋላ አንገቱን አስግጎ መልሱን ይጠብቃል። አሮጌውን ግዝት ያፈረሰው የእኛ ወገን ነው ከተባለ፣ ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው። ግን ዝም ካልኩ ቀልዱ የልጄ ሆኖ ይቀራል።

"ከእኔ ነው" አልኩ። "ሕፃን ሳለ አሳየሁት። በረዶ ሲጥል። ወንድሜ እንዳደረገው አድርጌ አሳየሁት። ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

ባለወፍጮው በሩን እንደያዙ፣ እኔን ሳይሆን ወደ መሬት እያዩ ተናገሩ።

"እዚያ ሠርግ ላይ እኔም ነበርኩ። ልጅ ነበርኩ። ወንድምሽ ተነሥቶ ሲሄድ፣ መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ዳሱ ሁሉ ዝም ብሎ አባቴን ይፈራ ነበር፤ እኔ ስስቅ ነው ሰው ደፍሮ የሳቀው። አባቴ ሲነሡ ወንድምሽን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ።" ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። "ለአባትህ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም።"

ጎልማሳው አጎቱን እንደ እንግዳ ሰው ተመለከታቸው። ፊቱ ላይ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

"ነጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ" አሉ ባለወፍጮው፣ በሩንም ራሳቸው ዘጉት።

የምሸኘው እስከ ኮሶዬ ብቻ ነበር። እዚያ ስወርድ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ነበር። ልጄ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"እማ፣ ለብሰሻል?" አለኝ።

"ለብሻለሁ" አልኩት፣ መኪናው ሄደ።

አዲስ አበባ ላይ ለሌሎች ይጽፋል አሁን። ሌሎቹ ይጫወቱታል፣ ሰው ይስቃል ይላል። ስደውልለት ድምፁ ደህና ነው፤ ደህና ድምፅ ማውጣት ግን ሥራው ነውና አላምነውም።

እሱን የሸኘሁ ቀን እኔ በዳባት ተመልሼ ማለፍ ነበረብኝ። መኪናው እንደገና ቆመ። ባለወፍጮው ከመንገዱ ወደ ወፍጮ ቤታቸው ይሄዳሉ። ሁለት ሕፃናት ከኋላቸው ግራ ትከሻቸውን አስቀድመው ይከተሏቸዋል። ባለወፍጮው ዞር አላሉም። የጋቢያቸውን ጫፍ ብቻ በሁለት ጣት ብድግ አደረጉ፣ ሕፃናቱም ብድግ አደረጉ። የወንድማቸው ልጅ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ወደ እሱ ተመለከትኩ። አልሳቀም።